ከመስኮት ለራቀ የቢሮ ጠረጴዛ የትኛው ተክል ይሻላል?

ጠያቂያችን የጻፉልን ባጭሩ ይህን ይመስላል፦ «ጠረጴዛዬ ከመስኮቱ ስድስት ሜትር ያህል ይርቃል። ያለኝ ብርሃን የጣሪያ መብራት ብቻ ነው። በየወሩ ለአንድ ሳምንት ያህል ለሥራ እወጣለሁ። እስካሁን ሁለት ተክል ሞቶብኛል። መጀመሪያ ትንሽ ቁልቋል ገዛሁ፤ ከሥሩ ለስልሶ ወደቀ። ቀጥሎ ቅጠሉ ሰፋ ያለ አንድ ተክል አመጣሁ። በየቀኑ ጠዋት ውሃ አጠጣው ነበር። ቅጠሉ ቢጫ እየሆነ ረገፈና አለቀ። እጄ ለተክል የሚሆን አይመስለኝም። ብዙ እንክብካቤ የማይፈልግ፣ ጨለም ያለ ቦታ የሚችል ተክል ይኖር ይሆን?»

አዎ፣ አለ። ዚዚ የሚባለውን ይውሰዱ። ዘንጎቹ ከአፈሩ ቀጥ ብለው የሚወጡ፣ ግራና ቀኝ የተደረደሩት ቅጠሎቹ ሰም የተቀቡ የሚመስሉ፣ ጥቁር አረንጓዴ ተክል ነው። ከታች ቀዳዳ ባለው ፖት ይተከል። ውሃ በወር አንዴ ይበቃዋል። ከቸኮሉ መልሱ ይኸው ነው። ጊዜ ካለዎት ግን ምክንያቱንም ላስረዳ። ምክንያቱን ሳያውቁ ከገዙት እሱም እንደ ሁለቱ ሊሄድብዎ ይችላል።

መጀመሪያ ስለ እጅዎ። እጅዎ ምንም አላጠፋም። በየቀኑ ጠዋት ውሃ ይዞ ተክሉ ጋ የሚሄድ ሰው ግዴለሽ አይባልም። ይህን በየቢሮው አየዋለሁ። ተክል የሞተባቸው ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ «ሳልንከባከበው ቀርቼ ነው» ብለው ራሳቸውን ይወቅሳሉ። ፖቱን አንስቼ ሳየው ግን አፈሩ ጭቃ ነው። ብርሃን ባነሰበት ክፍል ተክልን ቶሎ የሚገድለው ውሃ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቅጠል ላይ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች አሉ፤ ስቶማታ ይባላሉ። ተክሉ ምግቡን ለመሥራት የሚያስፈልገውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያስገባው በእነሱ ነው። ሲከፈቱ ከቅጠሉ ውስጥ ውሃ ተንኖ ይወጣል። የወጣውን ለመተካት ሥሩ ከአፈር ይስባል። ብርሃን ሲያንስ ምግብ መሥራቱ ይቀንሳል። ቀዳዳዎቹም እንደ ልብ አይከፈቱም። ሥሩም ብዙ አይስብም። ያጠጡት ውሃ አፈሩ ውስጥ እንዳለ ይቀመጣል።

ሥር ደግሞ ይተነፍሳል። የሚተነፍሰው በአፈር ቅንጣቶች መካከል ያለውን አየር ነው። ያ ክፍተት ለሳምንታት በውሃ ከተሞላ ሥሩ ይታፈንና ይበሰብሳል። የበሰበሰ ሥር ውሃ ማንሳት አይችልም። ስለዚህ ተክሉ ውሃ ውስጥ ቆሞ ይጠማዋል። ቅጠሉ ይጠወልጋል፣ ቢጫ ይሆናል። ያየው ሰው ምን ያደርጋል? ውሃ ይጨምራል። የሁለተኛው ተክልዎ ታሪክ ይህ ይመስለኛል።

የቁልቋሉ ጉዳይ ትንሽ ይለያል። ቁልቋል በረሃ ስለሚኖር ሁሉን ይችላል ብለን እናስባለን። የሚችለው ጥማትን ነው። ጨለማን አይችልም። በቀን ለብዙ ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ የለመደ ተክል ነው። ከመስኮት ስድስት ሜትር ርቆ ሲቀመጥ የሰጡትን ውሃ አይጠቀምበትም። ትንሽ ቢያጠጡት እንኳ ከሥሩ መለስለሱ አይቀርም። «ትንሽ ነው፣ ውሃም አይፈልግም» ተብሎ ለቢሮ ጠረጴዛ በስጦታ ሲሰጥ ሳይ ያሳዝነኛል። ቁልቋልና ሌሎች ቅጠለ ወፍራም የበረሃ ተክሎች ቦታቸው መስኮት ሥር ነው።

አሁን ወደ ብርሃኑ እንምጣ። በዚህ ጉዳይ ዓይናችን አይታመንም። የዓይን ብሌን እንደ ብርሃኑ መጠን ይሰፋል፣ ይጠባል። ስለዚህ ጨለም ያለ ክፍልም ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ደህና ብሩህ ሆኖ ይታየናል። ቅጠል ግን እንደዚያ አይደለም፤ የሚያየው የደረሰውን ብርሃን መጠን ብቻ ነው። በቁጥር ላስቀምጠው፤ የብርሃን መለኪያው ሉክስ ይባላል። ጥርት ባለ ቀን እኩለ ቀን ላይ የሜዳ ብርሃን 100,000 ሉክስ ገደማ ይደርሳል። ዛፍ ጥላ ሥር ቢቀመጡ እንኳ በሺዎች የሚቆጠር ሉክስ ያገኛሉ። ለንባብና ለጽሑፍ ሥራ የሚዘጋጅ የቢሮ ጠረጴዛ ላይ ግን የተለመደው መጠን 500 ሉክስ ነው። ልዩነቱ ሁለት መቶ እጥፍ ነው። ለእርስዎ ሁለቱም ብርሃን ናቸው፤ ለተክሉ ግን አንዱ ሙሉ ምሳ ሲሆን ሌላው ጉርሻ ነው።

ስለዚህ የራስዎን ጠረጴዛ ይለኩት። ብርሃን የሚለካ ነፃ መተግበሪያ ስልክዎ ላይ መጫን ይችላሉ። ልኬቱ በጣም ትክክል ላይሆን ይችላል፤ ለዚህ ሥራ ግን ይበቃል። ስልኩን ተክሉ በሚቀመጥበት ቦታ ላይ አጋድመው ቁጥሩን ያንብቡ። ስልክዎ እምቢ ካለ እጅዎን ከነጭ ወረቀት 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርገው ይዘርጉ። ጥላው ጣቶችዎን ለይቶ ካሳየ ብርሃኑ ጥሩ ነው። የእጅዎ ቅርጽ ደብዝዞም ቢሆን ከታየ ዝቅተኛ ብርሃን ነው፤ ዚዚ ይኖርበታል። ጥላ ጨርሶ ከሌለ ተክል ብቻውን አይኖርበትም፤ መብራት ማገዝ አለብዎት። በሉክስ ከሆነ ከ300 በላይ ካገኙ አይስጉ። ከ200 በታች ከሆነ ተክሉ የሚኖረው ያጠራቀመውን እየበላ ነው።

«ዝቅተኛ ብርሃን ይችላል» የሚለውን የመሸጫ ወረቀት ሲያነቡ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ይችላል ማለት ይወዳል ማለት አይደለም። ዚዚም ቢሆን መስኮት አጠገብ ቢቀመጥ በፍጥነት ያድጋል። እርስዎ ጋ ግን በዓመት አንድ ወይም ሁለት አዲስ ዘንግ ቢያወጣ ደስ ይበልዎት። ምንም ያላወጣበት ዓመት ቢኖር እንኳ ታመመ ማለት አይደለም። ቁጭ ብሎ እየጠበቀ ነው።

ለምን ዚዚን ከሁሉም አስቀደምኩት? አንዴ ከፖቱ አውጥተው ቢያዩት ይገባዎታል። ፖቱን ጎን ለጎን ጫን ጫን አድርገው ተክሉን ሲስቡት፣ ከአፈሩ ጋር ድንች የሚመስሉ ቡናማ እብጠቶች ተያይዘው ይወጣሉ። አንዳንዶቹ የአውራ ጣት ያህል ናቸው፤ ያረጀ ተክል ላይ ጭብጥ የሚሞሉም አሉ። ሪዞም ይባላሉ፤ መሬት ውስጥ የሚያድግ ግንድ ናቸው። ጠንካራና ቀዝቃዛ ናቸው። በጥፍር ቢጫሩ ውስጣቸው ነጭና እርጥብ ነው። የውሃ ጎተራው ይህ ነው። ዘንጎቹም ከታች ወፍራም የሆኑት ውሃ ስለያዙ ነው። ቅጠሉ ራሱ ከክብደቱ ከ90 በመቶ በላይ ውሃ ነው።

ተክሉ የተፈጥሮ አገሩ ምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ ነው፤ ከኬንያ ጀምሮ በታንዛኒያና በሞዛምቢክ አድርጎ እስከ ደቡብ አፍሪካ ይዘልቃል። እዚያ በዛፍ ጥላ ሥርና በድንጋይ መሃል ይበቅላል። ድርቅ ሲጠናበት ቅጠሉን አራግፎ በሪዞሙ ብቻ ይቆይና ዝናብ ሲመጣ እንደገና ያቆጠቁጣል። የእርስዎ የአንድ ሳምንት ጉዞ ለእሱ ከቁጥር አይገባም። የሳይንስ ስሙ ዛሚኦኩልካስ ዛሚፎሊያ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለሳይንስ ቢታወቅም በየቢሮው የገባው በቅርቡ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1996 አካባቢ የኔዘርላንድ አምራቾች በብዛት ማራባት ከጀመሩ ወዲህ።

ሲገዙ ትንሹን ይምረጡ። አፉ ከ12 እስከ 14 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፖት ለጠረጴዛ በቂ ነው። ትልልቆቹ እስከ አንድ ሜትር ሊጠጉ ይችላሉ፤ ኮምፒውተርዎን ይሸፍኑብዎታል። ዘንጎቹን ከሥራቸው ጫን አድርገው ይዳስሱ። መጠንከር አለባቸው። የለሰለሰ ካለ ይተዉት። አፈሩ የሚሸት ከሆነ ወይም ፖቱን ሲነኩ ትንንሽ ጥቁር ዝንቦች ቦነን ካሉ ይለፉት። ቢሮ ካስገቡት በኋላ ወዲያው ወደ ሌላ ፖት አያዛውሩት። ተክሉ የመጣው ብዙ ብርሃን ካለበት ማደጊያ ቤት ነው። ድንገት ጨለም ያለ ቦታ ሲገባ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጥቂት ቅጠል ቢጥል መልመድ ነው። ያን ጊዜ እንዳይደነግጡና ውሃ እንዳይጨምሩ አደራ።

ውሃው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሁሉ ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። «በየስንት ቀኑ?» ብለው ይጠይቁኛል። ቀን መቁጠር አልወድም፤ አፈሩን መጠየቅ ይሻላል። ቀጭን የእንጨት ዘንግ ፖቱ መጨረሻ ድረስ ያስገቡ። አምስት ደቂቃ ቆይተው ያውጡት። እርጥበት ወይም የተጣበቀ አፈር ካለበት ገና ነው። ደረቅ ሆኖ ከወጣ ጊዜው ደርሷል። ሌላው መንገድ ፖቱን ማንሳት ነው። ያጠጡ ዕለት አንስተው ክብደቱን በእጅዎ ይያዙት። ሲደርቅ የሚቀልለው ያስገርምዎታል። ሁለት ሦስት ጊዜ ከለመዱት እንጨቱንም አይፈልጉም።

እርስዎ ባሉበት ብርሃን ይህ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ይመጣል፤ አንዳንዴ ስድስት ሳምንትም ሊሄድ ይችላል። እንዲያውም የወር ጉዞዎ ጠቅሞዎታል። ከጉዞ ሲመለሱ እንጨቱን ያስገቡ። ደርቆ ካገኙት ያጠጡ፤ ካልደረቀ ሳምንት ጠብቀው እንደገና ይዩ። በመካከሉ ምንም አይስጡት።

ሲያጠጡ ደግሞ ጠብታ ጠብታ አይሁን። ከታች ባለው ቀዳዳ እስኪፈስ ድረስ መላውን አፈር ያርሱት። ከሩብ ሰዓት በኋላ ሳህኑ ላይ የተጠራቀመውን ይድፉ። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ማፍሰስ ከላይ ያለውን አፈር ብቻ ያረጥባል፤ ወይም ከታች ማንም የማያየው ኩሬ ይሠራል። ቀዳዳ የሌለው የሚያምር ፖት ካለዎት ተክሉን ቀዳዳ ባለው የፕላስቲክ ፖት ተክለው እሱ ውስጥ ያስቀምጡት። ለማጠጣት ያወጡታል፤ ውሃው ተንጠፍጥፎ ሲያልቅ ይመልሱታል።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ ምክር ላርም። ቀዳዳ በሌለው ፖት ሥር ጠጠር ማንጠፍ ችግሩን ይፈታል ይባላል። አይፈታም። ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ሻካራ ጠጠር በቀላሉ አይወርድም። አፈሩ ሙሉ በሙሉ እስኪጠግብ ድረስ ከጠጠሩ በላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ያን ጊዜ ረግረጉ ወደ ሥሩ ይበልጥ ይቀርባል። ይልቅ አፈሩ ራሱ ላላ ያለ ይሁን። ከጠቅላላው ሲሶ ያህሉ ፐርላይት (ከአፈር ጋር የሚደባለቅ ቀላል ነጭ ጠጠር) ወይም ሻካራ አሸዋ ቢሆን ሥሩ ይተነፍሳል።

ቢሮ ውስጥ ሌላም ነገር አለ፦ የሥራ ባልደረቦች። አንድ ቢሮ ውስጥ ዚዚ በተደጋጋሚ ከሥሩ ይበሰብስ ነበር። ባለቤቷ በትክክል በወር አንዴ ነው የምታጠጣው። ቆይቶ ሲጣራ ሦስት ሰዎች እሷ በሌለችበት ከጠርሙሳቸው የተረፈውን ውሃ ያፈሱለት ነበር። ሁሉም ለተክሉ አስበው ነው። ስለዚህ ፖቱ ላይ ትንሽ ወረቀት ይለጥፉ፦ «እባካችሁ ውሃ አታጠጡኝ፤ ጠግቤያለሁ።» እርስዎ በየወሩ ስለሚወጡ ይህ በጣም ያስፈልግዎታል።

ምልክቶቹንም ይወቁ። ከታች አንድ ያረጀ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ቢወድቅ ችግር የለም። ብዙ ቅጠል አንድ ላይ ቢጫ ከሆነና ዘንጉ ከሥሩ ከለሰለሰ ውሃ በዝቶበታል። ከፖቱ ያውጡት፤ የበሰበሰውን በንጹሕ ቢላ ይቁረጡ፤ በደረቅ አዲስ አፈር ይትከሉትና ሁለት ሳምንት አይንኩት። ዘንጉ ተሸብሽቦ ቆዳው የተጨማደደ ከመሰለ ደግሞ ጠምቶታል። ያኛው ይቀላል፤ ውሃ ሲያገኝ ይመለሳል። ትንንሾቹ ጥቁር ዝንቦች ከመጡ እጮቻቸው የሚኖሩት ከላይ ባለው እርጥብ አፈር ውስጥ ነው። አፈሩን በደንብ ማድረቅ መፍትሔውም መከላከያውም ነው።

ሌላው ሥራ ትንሽ ነው። በየወሩ ቅጠሉን በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉ። አቧራ ብርሃን ይጋርዳል፤ እርስዎ ጋ ደግሞ የሚባክን ብርሃን የለም። ማዳበሪያ በመጀመሪያው ዓመት አያስፈልገውም፤ ከዚያ በኋላ በዓመት አንድ ሁለቴ፣ የታዘዘውን ግማሽ። የማቀዝቀዣው አየር በቀጥታ የሚነፍስበት ቦታ አያስቀምጡት።

የጠረጴዛዎ ብርሃን ከ200 ሉክስ በታች ከሆነ አንድ ነጭ የኤልኢዲ የጠረጴዛ መብራት ይበቃል። ተክል ብርሃኑ ከፀሐይ ይምጣ ከአምፖል ግድ የለውም። ከቅጠሉ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርገው በቀን ለ10 ወይም ለ12 ሰዓታት ያህል ያብሩለት። በራሱ የሚያበራና የሚያጠፋ ሰዓት ቆጣሪ ቢያያይዙበት ደግሞ የቢሮው መብራት በሚጠፋባቸው የዕረፍት ቀናትና እርስዎ በሌሉበት ሳምንትም ይሠራል። ወይም መስኮት ሥር ከሚቀመጥ ባልደረባዎ ጋር ተነጋግረው ተክሉን በየሁለት ወሩ ለጥቂት ሳምንት እዚያ ያሳርፉት። ቀጥተኛ ፀሐይ እንዳይመታው ብቻ ይጠንቀቁ፤ ጥላ የለመደ ቅጠል ይቃጠላል።

ዚዚን ካላገኙ ወይም መልኩ ካልማረከዎት ሳንሰቬሪያን ይያዙ። ቅጠሉ እንደ ሰይፍ ቀጥ ብሎ የሚቆመው ነው። መገኛው ምዕራብ አፍሪካና ኮንጎ ነው። ስቶማታውን በአብዛኛው ሌሊት ስለሚከፍት ቀን ላይ ውሃ አያባክንም። ሃኒ የሚባለው አጭር ዓይነት ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሚያድግ ለጠረጴዛ ይመቻል። አንዳንድ ቦታ ድራሴና ተብሎ ተጽፎ ቢያገኙት አይደናገሩ፤ ተመራማሪዎች ወደዚያ ወገን አዛውረውታል። አጠጣጡ እንደ ዚዚ ነው።

አግላኦኔማም ጥሩ ነው፤ አረንጓዴና ብርማ ቅጠል ያለውን ይምረጡ። ቀይና ሮዝ ቀለም ያላቸው ብዙ ብርሃን ይፈልጋሉ። ይህ ለሁሉም ተክል ይሠራል። የቅጠል ነጭ ክፍል ክሎሮፊል፣ ማለትም ብርሃን የሚይዘው አረንጓዴ ቀለም፣ የለውም፤ ምግብ አይሠራም። ጨለም ላለ ቦታ ቅጠሉ ሙሉ አረንጓዴ የሆነውን ይውሰዱ።

አንድ ነገር ግን ቆም ብዬ አሰብኩበት። በየቀኑ ጠዋት ያጠጡ ነበር ብለዋል። ምናልባት ያ የደስታዎ ሰዓት ይሆናል። ቢሮ ገብቶ ከኢሜይሉ በፊት ለአንድ ሕይወት ላለው ነገር ውሃ መስጠት ደስ ይላል። ይህ ከሆነ በወር አንዴ የሚጠጣ ተክል ያሰለችዎታል፤ እጅዎም አያርፍም። እንዲያ ከሆነ ፖቶስ ይሻልዎታል፤ ያውም አፈር በሌለበት። ቅጠሉ የልብ ቅርጽ ያለው ሐረግ ነው። አንድ ቁራጭ ከአንጓው በታች ቆርጠው የውሃ ብርጭቆ ውስጥ ያስገቡት። አንጓው ውሃ ውስጥ፣ ቅጠሉ ከውሃ በላይ ይሁን። በሁለት ሦስት ሳምንት ነጭ ሥር ያወጣል፤ ብርሃኑ ካነሰ ትንሽ ይዘገያል። እዚያው ብርጭቆ ውስጥ ለዓመታት ሊኖር ይችላል። ጠዋት ጠዋት የጎደለውን ይሙሉ፤ በሳምንት አንዴ ውሃውን ይቀይሩ። ሳምንት ቢጠፉም ውሃው አያልቅም።

«ውሃ ውስጥ ከሆነ ሥሩ ለምን አይበሰብስም?» ይሉኝ ይሆናል። ውሃ ውስጥ የወጣ ሥር አሠራሩ ለውሃ ነው፤ የሚቀያየረው ውሃም አየር ይዞ ይመጣል። ፖት ውስጥ ያለ ጭቃ ግን አየር የለውም።

ተክሉ አየር ያጣራል ተብሎ ከሆነ የሚገዙት ብዙ አይጠብቁ። ወሬው የመጣው የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ እ.ኤ.አ. በ1989 ካወጣው ጥናት ነው። ሙከራው የተደረገው በተዘጉ ትንንሽ ሣጥኖች ውስጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ የጥናቶች ግምገማ የተለመደው የሕንፃ አየር ዝውውር የሚያደርገውን ለማድረግ በአንድ ካሬ ሜትር ከ10 እስከ 1,000 ተክል እንደሚያስፈልግ አስልቷል። እኔ ተክል የማስቀምጠው ማየቱ ስለሚያሳርፈኝ ነው። ለእኔ ይህ ይበቃል።

ዚዚ፣ አግላኦኔማና ፖቶስ ውስጣቸው መርፌ መሰል የካልሲየም ኦክሳሌት ቅንጣቶች አሉ። ከታኘኩ አፍና ጉሮሮ ያቃጥላሉ። ሳንሰቬሪያም የሚታኘክ አይደለም። መንካት አይጎዳም፤ ሲቆርጡ ፈሳሹ ዓይን እንዳይገባ እጅዎን ይታጠቡ። ወደ ቤት የሚወስዱት ከሆነና ሕፃን ወይም ድመት ካለ የማይደርሱበት ቦታ ያስቀምጡት።

ከገዙት በኋላ ለወራት ምንም ለውጥ ላያዩ ይችላሉ። ፎቶ አንስተው ያስቀምጡ፤ ለማነጻጸር ይረዳዎታል። አንድ ቀን ከጉዞ ሲመለሱ ከአፈሩ መሃል የተጠቀለለ፣ እንደ ጦር ጫፍ የሾለ፣ ከሌላው ቅጠል ይልቅ ፈዛዛ አረንጓዴ የሆነ ቡቃያ ብቅ ብሎ ያገኛሉ። መጀመሪያ ሲወጣ ለስላሳ ነው፤ በጣት እንዳይነኩት። በሁለት ሦስት ሳምንት ውስጥ ቀና ይልና ቅጠሎቹን አንድ በአንድ ይዘረጋል። ያን ዕለትም ቢሆን እንጨቱን ሳያስገቡ ውሃ አይስጡት።